ለኳስ የተላኩ ሽማግሎች

ንጋቱን የሚያውቁት ሁሉ በሁለት ነገር ይስማማሉ። አንደኛው፣ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው ለሱ ይመስላል። አርሊንግተን ባለው ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት የጀመረው ልጁ ታዴዎስ ሳይወለድ ነው። የፈረንጅ አሮጊቶችን «አይዞዎት እማማ፣ ደረስን» እያለ በአማርኛ ሲያጽናናቸው፣ አንዲት ቃል ሳትገባቸው እየሳቁ አውሮፕላናቸው በር ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የሰው ልጅ ትከሻ ያሰበረው።

ታዴዎስ የንጋቱና የሙሉዓለም አንድ ልጅ ነው። ቁመቱን ከማን እንደወረሰ የእናትም የአባትም ወገን ይከራከርበታል። የሚጫወተው አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘው እየሮጡ እግር ኳስ የሚሉትን ጉድ ነው። ለማያውቀው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ኳርተርባክ የሚባል አንድ ወርዋሪ አለ፣ ሪሲቨር የሚባሉ ተቀባዮች ደግሞ ሮጠው ሄደው እሱ የሚወረውረውን ይቀልባሉ። የቀረው ግፊያ ነው። ታዴዎስ ተቀባይ ነው፤ ያውም የሩቅ። ረጅም ኳስ ከተወረወረለት ተከላካዮቹን ጥሎ ይሄድና ከአናታቸው በላይ ይቀልበዋል።

ያን ጊዜ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ወራት ከአሌክሳንድሪያ የመጣ አንድ ኮች ልጁን አየና፣ «እኛ ዘንድ ክንደ ብርቱ ወርዋሪ አለ፤ ከሱ ጋር ቢጣመር ኮሌጆች ይሻሙበታል» አለ። ለንጋቱ ይህ በቃው። ልጁ በኳስ ኮሌጅ ገባ ማለት የሱ የዕድሜ ልክ ግፊያ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። አሌክሳንድሪያ እንግባ አለ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች ሙሉዓለም። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዕድሩም፣ የክፉ ቀን ጎረቤቱም እዚያ ነው። ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ንጋቱ ይዞ ነበርና አልለቀቀም። ዕቃቸውን ጭነው ወንዙን ተሻገሩ። ለእሷ የተረፋት ድልድዩ ላይ በትራፊክ ታፍና ሥራ መመላለስ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓመት ሠመረ። ወርዋሪው ይወረውራል፣ ታዴዎስ ይቀልባል፣ ንጋቱ ይጮኻል። ወርዋሪው ግን የወታደር ልጅ ነበር። አባቱ ወደ ቴክሳስ ተመደበና ልጁም ያንን ክንዱን ይዞ ሄደ። ታዴዎስ ያኔ የቀረው የመጨረሻው ዓመት ብቻ ነበር።

በቦታው የተተካው ኦስካር ይባላል። ገና አዲስ ነው፤ ለትልልቆቹ ሲወረውር የመጀመሪያ ዓመቱ። እናቱ ማርታ ከኤልሳልቫዶር የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ ብቻዋን ያሳደገችው ሴት ናት። ኦስካር አጭርና ፈጣን ነው፤ አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም። ኳሱ እጁ ሲገባ ወዲያው ወደ አንዱ ጎን ይፈተለካል፣ እየሮጠም ለቅርብ ሰው ይወረውራል። ስለዚህ ኮቹ ተቀባዮቹን ቀየረ። እንደ ኦስካር ቀልጣፋ የሆኑ፣ ሁለት እርምጃ ሄደው የሚመለሱ አጫጭር ልጆች ገቡ። ታዴዎስ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ንጋቱ ልምምድ ሲያልቅ ኮቹን አጥሩ ሥር ያዘው።

«ልጅህ አልሰነፈም» አለው ኮቹ። «ወርዋሪው አዲስ ነው። አዲስ ልጅ ጠባዩን ባንድ ዓመት አይለውጥም፤ እኔ ነኝ ለጠባዩ የሚስማሙ ተቀባዮች መምረጥ ያለብኝ። ታዴዎስ ሩቅ እስኪደርስ ኦስካር ቆሞ ከጠበቀ የዚያኛው ቡድን ልጆች ደርሰው ይመቱታል።»

ሰው የሚሰማው የፈራውን ነው። ንጋቱ የሰማው «ልጅህን አልፈልገውም» የሚል ነበር። አድልዎ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቀው። ቤት አፍርሶ፣ ሚስቱን አስለቅሶ፣ ልጁን ወንበር ሊያሞቅ ነው ያመጣው? ሙሉዓለም ምንም አትለውም፤ ዝምታዋ ግን ከስድብ የባሰ ሆነበት። ለገብርኤል ተሳለ። ዊልቸር እየገፋ ሳለ ሳያስበው ዕንባው ይመጣል፤ አሮጊቶቹም መሳቃቸውን ተዉ።

አንድ ቀን ታዴዎስ ኩሽና ውስጥ አገኘውና እንዲህ አለው።

«አባ፣ ሊስን። ኦስካር አይጠብቅም። እሱ ሲሸሽ እኔ ነኝ ሩጫዬን ስቶፕ አድርጌ ወደሱ መመለስ ያለብኝ። ኤቭሪ ደይ ከፕራክቲስ በኋላ እነሱ ቤት ፓርኪንግ ሎት እየሠራንበት ነው። ኦልሞስት ደርሰናል።»

«ተጫዋች የሚመርጡት የኮሌጅ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?»

«ኔክስት ሳተርደይ።»

«ታዲያ ለምን ጊዜ ነው የምትደርሰው?» አለ ንጋቱ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

የሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጋሽ እንግዳወርቅ ዘንድ ነው። ጋሽ እንግዳወርቅ በአገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ሲታጭ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካሰስ የሚላኩት እሳቸው ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም ይባላል። ንጋቱ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ጋሽዬ፣ ልጄ በአድልዎ ሊቀርብኝ ነው። እባክዎ ኮቹን ሽማግሌ ሆነው ይለምኑልኝ።»

«ፈረንጁን?»

«ሰው አይደለም እንዴ?»

ጋሽ እንግዳወርቅ አሰቡና «እሱስ ሰው ነው» አሉ። ስለ ኳሱ ግን አልጠየቁም፤ ንጋቱም ኮቹ አጥሩ ሥር ያለውን አልነገራቸውም።

የሽምግልና ወግ ይታወቃል። የተላከ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ እንግዳወርቅ አንድ ቄስና አንድ የዕድር ዳኛ አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው አሌክሳንድሪያ ከኮቹ ቤት ደረሱ። በቁምጣ በሩን የከፈተው ኮች ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። አስገባቸው። ሚስቱ ወንበር አቀረበች፤ አልተቀመጡም። ውሃ አመጣች፤ አልቀመሱም። ጋሽ እንግዳወርቅ በዚያ የጥንት እንግሊዝኛቸው «የአንድ አባት ልመና ይዘን መጥተናል፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም» ብለው ስለ ታዴዎስ ተናገሩ። ኮቹ ስለ ወርዋሪና ተቀባይ ያስረዳል፤ እነሱ ነገሩ ሳይገባቸው ይቆማሉ። ደግሞ ያስረዳል፤ ይቆማሉ። የቄሱ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮቹ ጉልበታቸውን አየና አላስቻለውም።

«ኦኬ፣ ኦኬ! ብቻ እባካችሁ ተቀመጡ!»

ሦስቱም «እግዜር ይስጥልን» ብለው ቁጭ አሉ። ኮቹ ምን ቃል እንደገባ የገባው በኋላ ነው። ፊቱ ቀላ። ነገር ግን አዛውንት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ቆመው ለምነውታል፤ ቃሉን ማጠፍ አሳፈረው። ለቅዳሜ ብቻ፣ የኮሌጅ ሰዎቹ ባሉበት፣ ታዴዎስ ይገባል፤ ረጅም ኳስም ይወረወርለታል አለ። ቄሱ ቤቱን መርቀው ወጡ።

ታዴዎስ ወሬውን የሰማው ከኮቹ ነው። ቤት ሲገባ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«አባ፣ ምንድነው ያደረግከው? ኮች ቤት ቄስ ላክህ?»

«አስለመንኩልህ። ምን አጠፋሁ?»

«ሎንግ ሩጥ ነው ያለኝ! ኦስካር ይሄን አይችልም፣ አባ። ሂ ካንት!»

«እሱ ራሱ ምን አለ?»

ታዴዎስ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «‹ለአንተ ስል እጠብቃለሁ› አለኝ።»

«ተባረክ! የጨዋ ልጅ» አለ ንጋቱ። በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር። ማርታ እንደ ወትሮው ከንጋቱ አጠገብ ተቀመጠችና የብርድ ልብሷን ግማሽ እግሩ ላይ ጣል አደረገችለት። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ እሷ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ እሱም እንደዚያው ያደርጋል፣ ሰላምታው ይኸው ነው። ኮፍያ ያደረጉት የኮሌጅ ሰዎች ከታች ቆመዋል። ታዴዎስ ገባ።

ኳሱ ኦስካር እጅ ገባ። እግሩ እንደ ልማዱ ሊፈተለክ አለና ያዘው። ቆመ። ታዴዎስ በዳሩ በኩል ይበራል፤ አንዱን ተከላካይ ጣለ፣ ሁለተኛውንም ጣለ፣ ብቻውን ቀረ፣ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ንጋቱ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ «ያውልህ! ያውልህ የኔ ልጅ! ወርውርለት!» እያለ ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ፤ ከዚያ የሚጮኸው እሱ ብቻ መሆኑ ታወቀው። ሕዝቡ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። የብርድ ልብሱ መሬት ወድቋል፤ ማርታ ደረጃውን እየተንደረደረች ትወርዳለች። ከታች ኦስካር በሚወረውርበት ጎኑ ወድቆ፣ ሁለት ግዙፍ ልጆች ከላዩ እየተነሡ ነው። ኳሱ አጠገቡ አለ። ታዴዎስ ማዶ ላይ እጁን እንዳነሣ ሰማዩን ያያል፤ የሚመጣ ነገር ግን አልነበረም።

ኦስካርን አምቡላንስ ወሰደው። ትከሻው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ እንደ በፊቱ ይወርውር አይወርውር ሐኪሞቹም አላወቁም። የኮሌጅ ሰዎቹ ጨዋታው ሳያልቅ ሄዱ። ታዴዎስ ቤት ገብቶ የክፍሉን በር ዘጋ። ንጋቱ ለሙሉዓለም ሁሉንም ነገራት፤ ኮቹ አጥሩ ሥር ያለውንም ጭምር። ሰምታ ጨረሰች።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች።

ንጋቱ ሌላ መላ አያውቅም፤ ጋሽ እንግዳወርቅ ዘንድ ደወለ።

«ጋሽዬ፣ ለእናትየው ሽማግሌ ይሁኑልኝ። ይቅር እንድትለኝ ይለምኑልኝ።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ነገሩን አንድ በአንድ ጠየቁት። «ኮቹ ይመቱታል ብሎህ ነበር?» አሉ።

«ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ደብቀህ ነው ያቆምከን?»

«ልጄን ብዬ ነው፣ ጋሽዬ።»

«ሴትዮዋስ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ ጋሽዬ።»

«እንግዲያው ለማታውቀው በደል ምን ብለን እንለምናታለን? አሁን ሽማግሌ የለህም። ሂድና በገዛ አፍህ ንገራት» ብለው ስልኩን ዘጉት። እንዲህ የተከዘ ድምፃቸውን ሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ አባትና ልጅ የማርታን በር አንኳኩ። ታዴዎስ የመጣው በትምህርት ቤት በለቃቀማት ስፓኒሽ ሊያስተረጉም ነው። ማርታ ከፈተች። በሽተኛ ጠያቂ መስሏት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ንጋቱን ስታይ ዐይኗ ዕንባ አቀረረ። ኦስካር ሶፋው ላይ ክንዱ ከደረቱ ጋር ተጠፍሮ ተቀምጧል። ምሳው ከጎኑ ቀርቧል። ማርታ ከጠረጴዛው አንድ ወንበር ስባ ለንጋቱ አቀረበች።

አልተቀመጠም።

«ተቀመጥ ነው የምትለው፣ አባ።»

«ይቅር ሳትለኝ አልቀመጥም። ንገራት።»

«አባ፣ እዚህ አገር እንደዚህ አይደለም…»

«ንገራት!»

ንጋቱ ተናገረ፤ ልጁ እየተቀበለ ተረጎመ። ሽማግሎቹን፣ ኮቹን፣ ኦኬውን። የታዴዎስ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። ኦስካር ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማርታ አላቋረጠችም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«‹ቆሞ ከጠበቀ እንደሚመቱት ታውቅ ነበር?› ትላለች» አለ ታዴዎስ።

ንጋቱ መዋሸት ይችል ነበር። «ተነግሮኛል» አለ፤ «ተነግሮኝ ነበር።» ታዴዎስ አልተረጎመውም፤ እሷ ግን ከፊቱ አነበበችው።

ማርታ ያቀረበችለትን ወንበር አነሣች፤ ወስዳ ሶፋው አጠገብ አስቀመጠችውና ራሷ ተቀመጠችበት። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማንኪያውን ይዛ፣ ቀኝ እጁ የታሰረውን ልጇን ታጎርሰው ጀመር። ታዴዎስ አባቱን ትቶ ሄደና ኦስካር እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ንጋቱ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።