ኮባልቱን ከኒኬሉ ልለይ ያልኩ ቀን

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ሳይቆይ፣ እዚያ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በአንድ ክረምት ማብቂያ፣ ትምህርት እንደተጀመረ፣ የቤተ ሙከራው መደርደሪያ በስብሶ ወደቀና የኒኬልና የኮባልት ጨው ብልቃጦቻችን ተሰባብረው ዱቄታቸው እርስ በርስና ከአፈር ጋር ተደባለቀ። ሌላ ይላክልን ብንል ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። የብረት ማጣሪያ ፋብሪካዎች ሁለቱን እንዴት እንደሚለዩ ከኮሌጅ ደብተሬ ፈልጌ አገኘሁ። ድብልቁ በአሲድ ይሟሟል፤ የአሲዱ ኃይል በሶዳ ይበርዳል፤ ከዚያ በረኪና በልኩ ሲጨመር ኮባልቱ ጥቁር ሆኖ ይዘቅጣል፣ ኒኬሉ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ ይቀራል።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ትልቅ ሰው፣ ያግዙኝ ነበር። ከድብልቁ ጥቂቱን ሳህን ውስጥ በአሲድ አሟሟሁና ሶዳውን ረስቼ በረኪናውን አፈሰስኩበት።

«ቲቸር፣ ይሄ ሽታ ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

«አሁን ይጠፋል፣ ጋሼ።»

አልጠፋም። ቢጫ ጭስ ተነሣ፤ ክሎሪን ነው። ተማሪዎች በኮሪደሩ እየመጡ ስለነበር ጋሼ ሳህኑን አንሥተው ወደ ውጭ ሮጡ። ሜዳው ላይ ደፍተውት እዚያው በጉልበታቸው ወደቁ። ትንፋሻቸው ያፏጭ ነበር።

ሆስፒታል አደረስናቸው። ነርሷ ቀና አድርጋ አስደገፈቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ዘመዶቻቸው በረንዳውን ሞሉት። ያኔ እንደ እኔ ከመሃል አገር በመጣ ደገኛና በተወላጁ መካከል አንዲት ክፉ ወሬ ምን እንደምታስከትል ሁላችንም እናውቃለን። «ደገኛዋ መርዝ ሰጠችው» የሚል አንድ ሰው ቢነሣስ ብዬ ፈራሁ። መሸሽም አሰብኩ፤ ግን እሳቸውን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ታናሽ ወንድማቸው ፊቴ ቆመ። «ወንድሜን ምን አድርገሽው ነው?»

«ሶዳ መጨመር ረሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

ወደ ወንድሙ ክፍል ገባ። በመስኮቱ ሰውየው በቋንቋቸው ሲያወሩ፣ ወንድምየውም ወደ እኔ ሲመለከት አየሁ። አለቀልኝ አልኩ። ወጥቶ ውሃ የያዘ ጣሳ ሰጠኝ።

«እሷም ያንን አየር ስባለች፣ ትጠጣ ብሏል።»

ጣሳውን መያዝ አቅቶኝ ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት።

በሳምንቱ ጋሼ ድምፃቸው እንደጎረነነ ሥራ ገቡ። የቀረውን ድብልቅ በደጅ፣ ማንጎው ሥር፣ እንደገና ሞከርነው። እሳቸው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ብለው ቆሙ።

«ሶዳውን ጨምረሻል?»

«ጨምሬያለሁ።»

ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። በረኪናውን ጠብ አደረግሁ። ጭስ አልተነሣም። ጥቁሩ ኮባልት ቀስ እያለ ወደ ሥር ወረደ።