መርዶ ነጋሪ ያጣሁበት ዓመት

ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ማስተርሴን በኢንተርኔት እማር ነበር። ትምህርቱ የሕዝብ ጤና ነው፤ አንድ በሽተኛ ሳይሆን ሰፈር ሙሉ፣ ወረዳ ሙሉ ሰው ምን እንደሚያሳምመውና ምን እንደሚያድነው የሚጠናበት። አባቴ ጎጃም ሆኖ በስልክ ይህን ባስረዳሁት ቁጥር ይስቅብኛል። «ታዲያ መርፌ የምትወጊው ማንን ነው?» ይለኛል።

የክፍል ጓደኞቼ ስምና ትንሽ ፎቶ ነበሩ። የአስተማሪያችንን ድምፅ እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ ጽፋ ትልካለች፣ ጽፌ እመልሳለሁ። ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ወደ ኪራይ ቤቴ እገባና ያ የጋለ ቆርቆሮ ከላዬ እያቃጠለኝ ላፕቶፔ ላይ አቀረቅራለሁ። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ኢንተርኔቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ያኔ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ባልደረቦቼ «ፕሮፌሰሯ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ ምሳ አብረን እንብላ ሲሉኝ ሁልጊዜ አሳይመንት አለብኝ ስለምል መጥራቱንም ተዉት። እውነቱን ለመናገር ሆድ ይብሰኝ ነበር። ግን ትቼው ለምሄደው ከተማ ምን አደከመኝ እላለሁ።

አከራዬ ማሾ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ነበሩ። «ልጄ፣ የሰፈሩ እድር ግቢ እንጂ» ይሉኛል በየጊዜው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እንግዳ ነኝ። ኮርሱ ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

አንድ ሴሚስተር ላይ፣ ሰው በችግሩ ጊዜ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚደጋገፍ አንድ ሰፈር መርጠን እንድናጠና ታዘዝን። ኮርሱ ብቸኝነት ራሱ ሰው ያሳምማል የሚል ምዕራፍ ነበረው። የምኖርበትን ሰፈር መረጥሁና በየቤቱ እየዞርሁ «ነገ ክፉ ነገር ቢያገኝዎ ማን ይደርስልዎታል?» እያልሁ ጠየቅሁ። አከራዬ ጎረቤቶቻቸውን፣ ጀውሃ ያሉ ዘመዶቻቸውን፣ እድራቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ላንቺ ማን ይደርሳል?»

ሳቅሁ። «መጠይቁ ላይ የእኔ ቦታ የለም፣ እትዬ።»

እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከስልክ ጠፋብኝ። ስደውል ወንድሜ ያነሳና «ማሳ ሄዷል» ይላል፤ ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ነው»፤ ሌላ ቀን «ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል»። ነርስ ነኝና ስለ ጉንፋኑ ምክር ሰጠሁ። ጥናቴ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ የምነግረው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ግን ወደ ስልኩ አልመጣልኝም። ተቀየምሁት።

አንድ ማለዳ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል። አከራዬ ከፊት፣ የእድሩ ዳኛ ከአጠገባቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ ፀጉሩን የተላጨ ወንድሜ። ማንም አፉን ሳይከፍት የወንድሜን ራስ አይቼ ገባኝ።

አባቴ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሐዘንተኛውን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ ደጁ ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን የሚያደርግልኝ ሰው ሲፈልጉ ነው የከረሙት። ጤና ጣቢያ ደውለው ነበር፤ ያነሳው ሁሉ «እኔ እንኳ ብዙም አልቀርባትም፣ የሚቀርባትን ፈልጉ» እያለ ለሌላው ያሳልፋል። ሲቸግራቸው ወንድሜ ራሱ በአውቶቡስ መጣ። መናኸሪያው ላይ ነርሷን የማያውቅ አልነበረም፤ የነርሷ ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ። በመጨረሻ፣ ከመሸ በኋላ፣ አንድ ባለ ባጃጅ ቤቴን አሳየው። አከራዬ በር ላይ አግኝተውት ማንነቱን ሲሰሙ፣ እኔን ሳይጠሩ ወደ ቤታቸው አስገብተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ አሳይመንት እጽፍ ነበር።

ድንኳኑ ሊተከል ሲል ዳኛው ዝግ ባለ ድምፅ «አባል አይደለችም እኮ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«በእኔ ስም ይውጣ» አሉ አከራዬ። «ልጄ ናት።»

ሴቶቹ ዙሪያዬን ተቀመጡ። ለቅሶ ላይ ሟቹ እየተጠራ፣ ደግነቱ እየተነሳ ነው የሚለቀሰው። እነሱ ግን አባቴን አያውቁትም፤ እኔንም እንደዚያው። ለማልቀስ የመጡት ሁሉ ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ዝም አሉ። ብዙ ዓመት ብቻዬን ኖሬአለሁ፤ ሰው በሞላበት በዚያ ድንኳን ውስጥ የተሰማኝን ያህል ብቸኝነት ግን ተሰምቶኝ አያውቅም።

አከራዬ ጠጋ ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ አባትሽ ስማቸው ማን ነበር?»

ነገርኋቸው። እሳቸው አጠገባቸው ላለችው ነገሩ፣ እሷም ለሚቀጥለዋ። የአባቴ ስም ድንኳኑን ዞሮ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ በስሙ እየጠሩ አለቀሱልኝ።