የኮምፒውተሩ ተራ ጠባቂ

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ፣ ነገሌ መብራት የሚመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር፤ እሱም ጄኔሬተሩ ካልሰነፈ። በከብት ገበያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከአሬሮ፣ ከዱብሉቅና ከክብረ መንግሥት በሬዲዮ የደረሰንን የከብት ዋጋ ሐሙስ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ፤ ዓርብ ለየከተማው አትማለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ይላካል። ዓርብ ሌላው ሰው ቤቱ ሲገባ እኔ ከማተሚያው ጋር ይመሽብኛል። ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ፣ የወታደር ሚስት፣ ነበረች። ልጁ ግን ጡጦ አልነካም አለ። ልቅሶው ቢሮ ድረስ ባይሰማም ጡቴ ያውቀው ነበር፤ ሸሚዜ ይርሳል፣ እኔም ያገኘሁት ሰው ላይ እቆጣለሁ።

ኮምፒውተሩ የድሮ ነው። ማውዝ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ጥቁር መስታወት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ትእዛዝ ጽፈው ካልሰጡት ንቅንቅ አይልም። የዓርቡ ሥራ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ በዚያው ቅደም ተከተል መደጋገም ነው። አብሮት የመጣውን ወፍራም መመሪያ ልጄን እያጠባሁ አነበብኩት። ለካ ትእዛዞቹን በተርታ ጽፌ ፋይል ውስጥ ባስቀምጣቸው ራሱ እያነበበ ይፈጽማቸዋል። የምመታቸውን ቁልፎች አንዴ ይዞ በኋላ ያለ እኔ የሚመታ ትንሽ ፕሮግራምም ነበረው። ማብሪያውን ክፍት ከተውኩት መብራት ሲመጣ ብቻውን ይነሳል። መብራቱ መጀመሪያ ላይ ስለሚዋዥቅ፣ እስከ አሥር ተኩል ጠብቅና ጀምር ብዬ ጻፍኩለት። በዚያ ዓርብ ደስ ብሎኝ በጊዜ ቤቴ ገባሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቅዳሜ ስመጣ አንድም ወረቀት አልወጣም። የኮምፒውተሩ ሰዓት የተሞላው በፈረንጅ ነው፤ የእሱ አሥር ተኩል የእኛ የጠዋቱ አራት ተኩል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነገሌ መብራት የለም። ምስኪኑ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንደታዘዘ ሲጠብቅ አምሽቷል። አውቶቡሱም ያለ ወረቀት ሄደ።

አለቃዬ የዱብሉቅ ሰው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አልተቆጡኝም፤ ከእንግዲህ ግን ማሽኑ ሲሠራ ከፊቱ ሰው ይቀመጥ አሉ። ሰው ማለት እኔ ነኝ።

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ ስድስት ተኩል ብዬ አረምኩና በሚቀጥለው ዓርብ ተከራከርኳቸው። በአንቱ ሀገር የጉድጓድ ውኃ በተራ አይደል ወይ፣ የየመንጋው ቀን ስለሚታወቅ ማንም ሳይጠራው ይመጣ የለም ወይ አልኳቸው። ይሄ ማሽንም ተራው ተጽፎለታል፤ እኔ ተቀምጬ ምን ልሠራ? እሳቸው ግን መንጋው ቀኑን ቢያውቅም ያለ አባ ሄሬጋ አይጠጣም አሉኝ። አባ ሄሬጋ ጉድጓዱ ላይ ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ነው፤ እጁ ውኃ ባይነካም ከዚያ አይለይም። በገዛ ምሳሌዬ ታሰርኩ።

ይሄኔ ጎረቤቴ ልጁን ይዛ በር ላይ ደረሰች። ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ሰልሏል። አለቃዬ እሱን አዩ፣ ሸሚዜን አዩና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ከዚያ ወንበሬን ስበው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ፤ በትራቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«አባ ሄሬጋው እኔ ነኝ» አሉ። «ሂጂ፣ ጥጃሽን አጥቢ።»

ልጄን ታቅፌ ከግቢው ሳልርቅ ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እንባም መጣብኝ።

ልጄ ጡት እስኪተው ድረስ ዓርብ ዓርብ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። አንድም ቁልፍ ነክተው አያውቁም። ቅዳሜ ስገባ ወረቀቱ በየከተማው ተለይቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። ሰላም ነው ለማለት ናጋ ተባብለን፣ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁሉ ተጠያይቀን ስንጨርስ ወደ ወረቀቱ ያመለክታሉ።

«አሬሮም ዱብሉቅም ጠጥተው ጨርሰዋል» ይሉኛል። «ያንቺስ ጥጃ?»