በፊሽካ የሚነዳው ካራቫን

እኛ ጡረተኛ ካራቫነኞች፣ ቤታችንን በመኪና እየጎተትን የምንዞር ሰዎች፣ ከሰዓት በኋላ አንድ መዝናኛ አለን፤ አዲስ መጪ ካራቫኑን ወደ ማረፊያ ቦታው በኋላ ማርሽ ሲያስገባ ማየት። ተጣጣፊ ወንበራችንን አውጥተን፣ ሻያችንን ይዘን፣ ባሕሩን ትተን መንገዱን እንመለከታለን። ባል መሪ ይይዛል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ በእጇ ታመላክታለች። ከዚያ "ግራ አልኩህ እኮ"፣ "የማን ግራ?" ይባባላሉ፤ ካራቫኑ የውሃውን ቧንቧ ገጭቶ ይቆማል። አርባ ዓመት የጸና ትዳር እዚያች ቦታ ላይ ሲንገዳገድ አይቻለሁ። ሳይጠየቁ መርዳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። መሳቅም ነውር ነው፣ ሰዎቹ ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ።

ባልና ሚስቱ ሬክስና ግሌኒስ ግን ለዚህ ጨዋታ አይመቹም ነበር። ሬክስ ዕድሜ ልኩን ስንዴ ሲያርስና በግ የሚጫንበት ተሳቢ በመኪና ሲጎትት የኖረ ገበሬ ነው። በስፖኪዮው አየት፣ መሪውን ዘወር፣ ገባ። ግሌኒስ ከኋላ ሆና እጇን ታወዛውዛለች፤ ጭቅጭቅ የለ፣ ጩኸት የለ። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን ወደዚች የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ስትሪኪ ቤይ፣ ሲመጡ ከእኔ አጠገብ ነው የሚያርፉት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስለምዞር፣ የእነሱ መምጣት ለእኔ ዘመድ የመምጣት ያህል ነው።

ዘንድሮ ሁለት አዲስ ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ የሰባት ዓመቷ ዊኒና የአምስት ዓመቱ ፍሊን። እናታቸው፣ የነሬክስ ልጅ ካሪን፣ አደሌድ ከተማ ነርስ ናት፤ ልጆቿን ለማንም አምና የማትሰጥ ጠንቃቃ ሴት። ለትምህርት ቤት ዕረፍት ለአያቶቻቸው ስትለቃቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ግሌኒስ ገና ከመኪና ሳትወርድ በመስኮት "በደህና ከመለስናቸው በየዕረፍቱ ትሰጠናለች፤ ካልሆነ ግን አበቃ" አለችኝ።

ሁለተኛው ፊሽካ ነው። ግሌኒስ በወጣትነቷ የኔትቦል፣ የቅርጫት ኳስ መሰል የሴቶች ጨዋታ፣ ዳኛ ነበረች። ያኔ የምትነፋትን ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወረደችና፣ እጇን በማወዛወዝ ፈንታ ትነፋ ጀመር። ሁለት አጭር "ና" ነው፣ አንድ ረጅም "ቁም"።

"ምነው፣ ግጥሚያ አለብሽ እንዴ?" አልኳት።

"እጄን ያመኛል" አለች።

የሚያማትን እጅ ይዛ በነጋታው ግማሽ ባልዲ ዓሣ ስትፍቅ ዋለች። እኔም ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

ካራቫኑ በልጆቹ ሞላ። ዊኒ የምትተኛው የምግቡ ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ አልጋ ሲሆን ስለሆነ፣ እሷ ካልተነሳች ቁርስ የለም። ሬክስ ጠዋት ከራስጌዋ ቆሞ "አንቺ ልጅ፣ ዳቦዬን ግንባርሽ ላይ ልቀባ?" ይላታል።

"ቅቤውን ብቻ። ማርማላታውን ፍሊን ላይ ቀባ" ትለዋለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና።

ፍሊን ደግሞ ከቋጥኝ ሥር ትንንሽ ሸርጣን እየለቀመ በቀይ ባልዲው ይሰበስባል። ሁሉንም ኬቨን ብሎ ስለሰየማቸው፣ ቀኑን ሙሉ "እማማ፣ ኬቨን ኬቨንን ነከሰው" እያለ ክስ ያቀርባል። ግሌኒስም የሁለቱንም ኬቨኖች ቃል ሰምታ ትፈርዳለች። ከሰዓት ባሕሩ ላይ ወደ ተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ሄደው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ መንጠቆውን የምታስረው ዊኒ ናት። "የኔ ጣት ወፍራም ነው" ይላታል ሬክስ፣ ዕድሜውን ሙሉ መንጠቆ ሲያስር የኖረው ሰውዬ።

አንድ ቀን ሻይ ሊቀዳልኝ ማንቆርቆሪያውን አነሳና፣ ከጎኑ ያስቀመጥኩትን ኩባያ ስቶ ጫማዬ ላይ አፈሰሰው። ግሌኒስ ፈጥና ጎንበስ ብላ ጠረገችልኝ። ያኔ ገባኝ። እሱ ከልጆቹ ጋር ሲወጣ ጠብቄ ጠየቅኋት።

"ዓይኑ ነው አይደል?"

"ፊት ለፊቱን ያያል። ዳር ዳሩ ግን ጠፍቶበታል" አለች። "ስፖኪዮው ውስጥ እኔ የለሁም።"

"ሐኪምስ?"

"ከዕረፍቱ በኋላ ና፣ የመንጃ ፈቃድህን ነገር እናያለን ብሎታል። ይቺን ዕረፍት ብቻ ነው የፈለግነው። ካሪን ከሰማች ልጆቹንም አናይ፣ መንገዱንም አናይ፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ታስቀምጠናለች።"

እውነቱን ልናገር፣ ከአንጀቴ አዘንኩላቸው፤ አፌንም ዘጋሁ።

በማግስቱ የካራቫን ማረፊያው ጠባቂ መጥቶ የእነሱ ቧንቧ ስለሚያፈስ ወደ ቀጣዩ ቦታ እንዲዛወሩ ለመናቸው። ሣሩን ተሻግሮ ነው፤ መንዳት እንኳ አይባልም። ሬክስ ሞተሩን አስነሳ። ግሌኒስ ከኋላ እንደቆመች የመብራቱ ገመድ አለመነቀሉን አየች። ጎንበስ ስትል ፊሽካው እየተጠላለፈ አስቸገራትና አውልቃ ወንበር ላይ አኖረችው፣ ገመዱን ልትነቅል ወደ ካራቫኑ ወዲያኛው ጎን ዞረች። እኔና ዊኒ በሌላው ወገን ቆመናል።

ሁለት አጭር ፊሽካ ሰማሁ። ካራቫኑ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ።

"አባባ፣ ቁም! ፍሊን ነው!" ብላ ዊኒ ጮኸች።

ደግነቱ መስኮቱ ክፍት ነበር። ፍሬን ያዘ። ሮጠን ስንደርስ ፍሊን ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ከካራቫኑ ጥግ ቆሟል፤ በእሱና በካራቫኑ መሀል እጄ እንኳ አይገባም ነበር። ቀዩ ባልዲ ከጎማው ሥር ሆኗል። ልጁ የደነገጠው ለኬቨኖች ነው።

ግሌኒስ ልጁን አቅፋ "የኔ ጥፋት ነው፣ ፊሽካውን ጥዬ" ትላለች፤ ደጋግማ ትላለች። ሬክስ ከመኪናው ወርዶ ባልዲውን አየ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፊሽካው አይደለም" አለ። "ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ ስፖኪዮውን አይቼ ልጁን አየው ነበር። ለካሪን እደውላለሁ።"

"ሬክስ፣ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም እኮ። ልጁ ይኸው" አለች ግሌኒስ። "ከደወልክላት ዳግመኛ አታሳየንም።"

እኔም ሳልጠየቅ "ግሌኒስ እውነቷን ነው፤ ቆይ ትንሽ እንኳ ተረጋጋ" አልኩት።

"ልጅቷ ልጆቿን የሰጠችኝ ዓይን አለው ብላ ነው" አለ። "የሌለኝን ነገር አምና ነው የሰጠችኝ።"

እዚያው ሣሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ነገሩን አላሳመረም፤ ፍሊንን፣ ፊሽካውን፣ ዓይኑን፣ ሐኪሙን፣ ሁሉንም ነገራት። ከወዲያ በኩል "እመጣለሁ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ወንበር ላይ በተቀመጥንበት ሰዓት ደረሰች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ፍሊንን ከራሱ እስከ እግሩ ዳበሰችው፣ ካራቫን ውስጥ ገባችና የልጆቹን ልብስ በቦርሳ ስትከት በመስኮቱ ታየን። ዊኒ የአያቷን ሱሪ ጨምድዳ ይዛለች። ሬክስ ፀጉሯን እየደባበሰ "እናትሽ ልክ ናት" ይላታል።

ካሪን ቦርሳውን ይዛ ወጣች። ቆመች። አባቷን አየችው።

"ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ልጆቹ አሁን መኪናዬ ውስጥ ነበሩ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ስለምን አልደበቅከኝም?"

"ልጆችሽ ናቸዋ።"

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። "እማማ፣ ይህንን ካራቫን ጎትተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ? እኔማ ከኋላ ነኝ" አለች ግሌኒስ።

"አባባ እኔን በአሥራ አራት ዓመቴ የበግ ተሳቢ መጎተት አስተምሮኛል። አንቺን አላስተማረሽም። ነገ ትጀምሪያለሽ።"

ካሪን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ጥቂት ቀን ቆየች። ግሌኒስ በከተማው የኳስ ሜዳ ላይ መሪ ያዘች፤ ካሪን ከኋላ፣ ሬክስ ከጎኗ። ካራቫኑ እንደ ተሰበረ ክርን እየታጠፈ አስቸገረ። እኛም ምን ይወጣልን፣ ወንበራችንን ይዘን ሜዳው ዳር ተደረደርን።

"መሪውን ካሰብሽው በተቃራኒው አዙሪ። ተቃራኒውን ካልነገሩት አይሰማም" ይላታል ሬክስ።

"ታዲያ ይሄማ እንዳንተ ነው፤ ለምጄዋለሁ" አለችው። ያን ጊዜ ነውሩን ረስተን ሁላችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ካራቫኑን ቦታው ላይ አስገባችው። ጠማማ ነበር፣ ግን ገባ። ከመኪናው ስትወርድ ድሮ ሜዳ ላይ ቅጣት የሰጠች ዳኛ ትመስል ነበር።

ካሪን ወደ አደሌድ ስትመለስ ልጆቹን አልወሰደችም። ዕረፍቱን ይጨርሱ አለች። ሁላችንንም ሳመችና መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"አባባ፣ ለገናም ትወስዳቸዋለህ አይደል?"

ሬክስ ሐኪሙ ዓይንህ አይመለስም ሲለው እንኳ አላለቀሰም ብላኛለች ግሌኒስ። እዚያ መስኮት አጠገብ ግን እንባው ጉንጩን ሞላው፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። የመኪናውን በር በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

"እናትሽ ከነዳች" አላት።