ቀበሌ ያጸደቀው ጫማ

በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት እኛ ሰፈር እውነተኛ የጣሊያን ጫማ የነበራት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ዲላ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ልጅ። ሶሉ እንደ ጡብ ወፍራም፣ ቀለሙ ደማቅ ቀይ። እኛ ጭቃውን እየዘለልን ስንሄድ እሷ ከላይ ከላይ ትራመድ ነበር። እኔ የመንግሥት ቢሮ ታይፒስት ነኝ፣ ጫማዬ ያረጀ ሸራ። በመስኮታችን ባለፈች ቁጥር የማየው እግሯን ብቻ ነው። ቅናት አይደለም እል ነበር። ቅናት ነበር፤ ያውም የሚያንገበግብ።

መግዛቱ የማይታሰብ ስለሆነ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩና የምፈልገውን አቧራው ላይ በጣቴ ሳልኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጫማ ነው ወይስ በርጩማ?» አሉኝ።

«ጫማ ነው አባባ። ጎማውን ደራርበው ይስፉልኝ።»

ከይርጋጨፌ ቡና ሲያመላልስ ያለቀ የኤንትሬ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጠው ደራረቡ፤ ከላይ የተቀደደ የአውቶቡስ ወንበር ልባስ ሰፉበት። ቀዩን ቀለም ያገኙት የቀበሌው በር ለአብዮት በዓል ሲቀባ ከተረፈው ነው። ክብደቱ አይጣል! ግራ እግሬን ካነሳሁ በኋላ ቀኙን ለማንሳት ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። ከሩቅ ለሚያየው ግን ጣሊያን ነው።

እናቴን የመሰለ አማኝ ቸርች እንዳይሄድ ሆን ተብሎ እሁድ ጠዋት በሚጠራው የቀበሌ ውይይት ላይ አደረግኩት። ካድሬው ስለ ኢምፔሪያሊዝም እያስረዳ ሳለ ዓይኑ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጓዲት፣ ተነሺ! ሰፊው ሕዝብ በባዶ እግሩ እየሄደ አንቺ የከበርቴ ጫማ ተጫምተሽ ትመጪያለሽ?»

ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ተነስ ተብሎ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ብዙ ነው። አንዱን ጫማ አውልቄ ገለበጥኩት። ጥርስ ጥርሱ መሃል ጭቃ የሞላበት የኤንትሬ ጎማ!

«ጓድ፣ ጎማ ነው። ቀለሙም የቀበሌያችን በር ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ካድሬው ጫማውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህ ራስን የመቻል ምሳሌ ነው! አጨብጭቡላት!» አለ። ተጨበጨበልኝ። እኔ በድንጋጤ አለቀስኩ፤ እሱ ግን እንባዬን የአብዮታዊ ስሜት መግለጫ ነው ብሎ ተረጎመው።

ብዙም ሳይቆይ የሴቶች ማኅበር ለሰልፍ ይህንኑ ጫማ እንዲያደርግ ተወሰነ። ሴቱ ሁሉ መንገዱን ድም ድም ያደርገው ጀመር። ተናደድኩ። ለብቻዬ ልዘንጥበት ያሠራሁትን ዩኒፎርም አደረጉብኝ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሐጂ ልጅ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ቤታችን መጣች።

«አባዬ ይሄን አድርጌ ከታየሁ ሱቃችንን ያሽጉታል አለኝ። የጎማውን ስጪኝና ይሄን ውሰጂ፤ እግራችን እኩል ነው።»

ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብዬ የራሴን አወለቅኩላት።

እንደሄደች በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ የጣሊያኑን አጠለቅኩ። ላባ ነው! ከአልጋው ወደ ቁም ሣጥኑ፣ ከቁም ሣጥኑ ወደ አልጋው ተመላለስኩ። እናቴ ገባችና ቆማ አየችኝ።

«በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ። ማን እንዲያይሽ ነው?»

መስኮቱን በትንሹ ከፈት አድርጌ ወደ ውጭ አየሁ። የሐጂ ልጅ በእኔ ጎማ ከፍ ብላ፣ ቀስ እያለች በመንገዱ መሃል ታልፋለች፤ ሰው ሁሉ ያያታል። እኔ እንደ ልማዴ እግሯን ብቻ አየሁ። ቀናሁባት።