የዶሮ ቤቱ መወርወሪያ

ለተማሪዎቼ ስለ ናፍጣ ሞተር አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት ሳይሆን የውርደቴ ልክ በትክክል እንዲታወቅልኝ ነው። ሰሌዳ ላይ ሞተር ስስል የሚያህለኝ የለም። ኮፈን ስከፍት ግን ሚስቴ ልጆቹን ወደ ቤት ታስገባለች።

መኪናዋ የአማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ነበረች። ቀለሟ በየቦታው የተላጠ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ የምታንስ የናፍጣ አውቶሞቢል ናት። ከደሴ መጥቼ መቐለ ላይ ሥራ ይዤ፣ ልጃቸውን አግብቼ፣ ግቢያቸው ውስጥ መኖር ከጀመርን በኋላ ዐይናቸው እየደከመ መጣና ቁልፉን ሰጡኝ። «አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

ጦርነቱ ሲመጣ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን እያወላለቀ ሽባ አደረጋት። እንዳትወሰድበት ነው። አንዱ ጎማ ፈታ፣ ሌላው ባትሪ ቀበረ። እኔ ሳቅሁባቸው። ጎማ ከየትም ይገኛል፤ ሊቅ የሚፈታው ሌላ ነገር ነው። ናፍጣውን ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የሚያደርሱትን አራት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ፈታሁና ደበቅኋቸው። ፍተሻ አለ በተባለ ቁጥር ደግሞ ቦታ እቀይርላቸው ነበር። ከሰው ሁሉ ደበቅኋቸው፤ ከራሴም ጭምር።

ያኔ የሚስቴ ታናሽ እህት ለትምህርት አዲስ አበባ ነበረች። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኟት አባቷ ናቸው፣ በዚችው መኪና። ስልክም መንገድም በጠፋበት ዘመን አማቴ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «በዚህች መኪና ሸኝቻታለሁ፣ በዚህችው መኪና ተቀብዬ አመጣታለሁ።» በረራው ከተከፈተ በኋላም ሥራ እየያዛት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ደወለችና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገረችን።

«ሜካኒክ ጥራ» አለችኝ ሚስቴ።

«የፈታሁት እኔ፣ የምገጥመውም እኔ!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ የያዝኩት መፍቻ ነበር።

አንደኛዋን ቱቦ ከጣሪያው ሥር አገኘኋት፤ ሁለተኛዋን ከገብሱ ጆንያ ውስጥ። ሦስተኛዋ የተገኘችው ራሴ ከማስተምርበት ወፍራም መጽሐፍ ጀርባ ነው፤ መጽሐፉን ከዚያ ወዲህ ገልጬው አላውቅም ማለት ነው። አራተኛዋ ግን የለችም። አልጋ ገለበጥኩ፣ ጓሮ ቆፈርኩ። በሦስቱ ላስነሳት ብሞክር በአራተኛው ቀዳዳ የወጣው ናፍጣ ፊቴን አጠበው። በመጨረሻ ከፍሪጃችን ጀርባ የመዳብ ቱቦ ቆርጬ ገጠምኩ። ቱቦው ወዲያው ፈነዳ። ፍሪጁም ሞተ።

አማቴ ማታ ማታ መኪናቸው እንዴት እንደሆነች ይጠይቁኛል፤ «ኣታ ወደይ፣ ማኪናይ ከመይ ኣላ?»

«ደህና ናት አቦይ፣ ትንሽ ነገር ነው የቀራት» እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን አልኩ። የተማረ ሰው ውሸት አያልቅበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አማቴ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መቼ እንደገቡ እንጃ። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«አቦይ» አልኳቸው በመስኮቱ፣ «መኪናዋ አትነሳም። አንድ ቱቦ ጠፍታብኛለች። ስዋሽዎት ነው የከረምኩት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩና «እንታይ ትመስል?» አሉ።

ምን እንደምትመስል ነገርኳቸው፤ ከእርሳስ የምትቀጥን፣ የክንድ ርዝመት ያላት፣ ሁለቱ ጫፎቿ የታጠፉ፣ በየጫፏ ብሎን ያላት። በሩን ከፍተው ወረዱና ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዱ። ከዚያ የበሩን መወርወሪያ መዘዙ።

«ይቺ ናት?»

እሷ ናት። የሚፈትሽ ሰው የዶሮ ቤት መወርወሪያ አይጠረጥርም ብዬ የሰካኋት ያኔ ትዝ አለኝ። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ እንቁላል ላወጣ ስገባ በገዛ እጄ እየመዘዝኩ መልሼ እሰካት ነበር።

«እኔኮ በየጠዋቱ ዶሮዎቹን ስለቅ እዳስሳታለሁ» አሉ። «የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር አስቦ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለች ሚስቴ ከበረንዳው። ስለ ፍሪጁ እንደሆነ ገባኝ።

መወርወሪያ ያጣው በር ተከፍቶ ዶሮዎቹ ግቢውን ሞሉት። ቱቦዋን በናፍጣ አጥቤ፣ የዶሮ ኩስ በሽቦ ጠርጌ፣ በብስክሌት መንፊያ ነፍቼ ገጠምኩ። ቱቦዎቹ ውስጥ የገባውን አየር እያስወጣሁ ሳለ ስልክ ተደወለ፤ አውሮፕላኑ አርፏል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመና ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። እኔ ክርኔ ድረስ ጠቁሬያለሁ። አማቴ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

በመስኮቱ ሳመቻቸው። ሳሟት። ግን ከመኪናው አልወረዱም። «ጓለይ፣ ቃሌን አጠፍኩ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። እሷ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ የተከፈተውን ኮፈን።

«ትነሳለች?»

«አሁን» አልኩ፤ ሦስት ሳምንት የዘገየ «አሁን» ነው።

ባትሪው ስለደከመ ጎረቤት ተጠርቶ ቁልቁል ተገፋች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ እንደ ሰው ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። አማቴ ጣታቸውን ቀስረው ያዳምጣሉ። «ሰለስተ… ሰለስተ…» ይላሉ፤ ከአራቱ ሲሊንደር በሦስቱ ብቻ እየሄደች ነው። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈና ድምፁ ተስተካከለ። «ኣርባዕተ!» ብለው ጭናቸውን መቱ።

ልጅቱ ሻንጣዋን ከኋላ ወርውራ ገባች። «በሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያ መልሱኝ» አለች። እኔ ሳቅሁ። አማቴ ግን አልሳቁም፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

ወደ ማረፊያው የሚያወጣውን የኩሓን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። የማረፊያው በር ላይ ያለው ጥበቃ «ሸኚ ናችሁ ተቀባይ?» ሲለኝ «ሁለቱንም» አልኩት። ልጅቱ ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች መንገደኛ እስከሚወጣበት ድረስ ሄደች፤ ዞረችና ተመልሳ መጣች። አማቴ አንድ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ዐይናቸው የለያት አጠገባቸው ስትደርስ ነው መሰለኝ፤ ያኔ ኮፈኑን ለቀው እቅፋቸው ውስጥ አስገቧትና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ቤት አንድም እንባ አልወጣቸውም ነበር። እኔ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ከመሪው አልተነሳሁም፤ ነዳጅ እየረገጥኩ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ስንመለስ ከጎኔ አልተቀመጡም። ከኋላ ሆነው የልጃቸውን እጅ እንደያዙ «ቀስ በል ወደይ» አሉኝ፤ «ረጅም መንገድ ነው የመጣችው።»