ጉድጓዱ የት ይቆፈር?

በነገሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው፤ በደርግ ዘመን ቢቸና ውስጥ እንደ እሱ ጮኾ መፈክር የሚያሰማ አልነበረም፤ ሌላ ሥራም አልነበረውም። ሁለተኛው አናጢው፤ እጁ እንጂ አፉ ያልሠለጠነ ሰው። ለሊቀ መንበርነት ተነሥቶ ነበር። ተቃዋሚ መባል በዚያ ዘመን ያሳስር ነበርና ተወዳዳሪ እንበለው። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት። አራተኛው እኔ፤ የተማሪ ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደል በራሴ የቆጠርኩ፣ ስለዚህም ሰውን ሁሉ ማስተማር ያለብኝ የሚመስለኝ። ስማችንን አልጽፍም፤ ልጆቻችን ዛሬም ጎረቤት ናቸው።

ሰፈራችን ሽንት ቤት አልነበረውም። ሰው ሁሉ የሚወርደው ወደ ፈፋው ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያንን ሁሉ ጠርጎ ወደምንቀዳው ምንጭ ያወርደዋል። ታናሽ ልጄ በየክረምቱ ሆዷን ትታመም ነበር። ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት ቆማ መሄድ አቅቷት ስለነበር የሽንት ቤት ነገር ለእኔ የወሬ ጉዳይ አልነበረም።

ምርጫው ሲቃረብ አናጢው፣ ከተመረጥኩ ሽንት ቤት አሠራለሁ ብሎ፣ ቤቴ መጣ።

«ሰዎቹን ምን ልበላቸው ጋሼ?»

«ሁሉንም! ስንት ክንድ እንደሚቆፈር፣ በምን እንደሚከደን፣ የት እንደሚሠራ። ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ሆዱን ገልጦ ያሳያል። ሸፍኖ የሚመጣ ሌባ ነው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችን። «የቦታው ነገር ብቻ ይቅርበት» አለች። «ሰው ሽንት ቤት ይወዳል፤ የሽንት ቤት ጎረቤት መሆን ግን አይወድም።»

«ውሸት ልታስተምሪው ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። እውነት ስትናገር የባሰ እቆጣለሁ።

አናጢው አምኖኝ በጭነት መኪና ሞጣ ድረስ ሄደ። እዚያ ገበያው አጠገብ የተሠራውን ሽንት ቤት በክንዱ ሲለካ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ሆኖ አየውና «ወንድሜ፣ ሰው ሞጣ የሚመጣው ቆዳና ቅቤ ሊገዛ ነው፤ አንተ ይኼን ልትገዛ መጣህ?» አለው። ተመልሶ አራት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ሲነድፍ ከረመ።

የምርጫው ዕለት ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ተናገረ። ሰፊው ሕዝብ ዘመናዊ ሽንት ቤት እንደሚገባው፣ የቀድሞ ጨቋኞች ሆን ብለው እንደነፈጉት አስረዳ። የት? አላለም። በምን? አላለም። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

አናጢው ወረቀቱን ዘረጋ። ጥልቀቱ ስድስት ክንድ፤ ከየቤቱ አንድ የባሕር ዛፍ እንጨትና የሁለት ቀን ጉልበት። ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ ቦታውን ተናገረ፦ ከምንጩ በታች፣ ጠንካራው መሬት ላይ፣ ከእኔ አጥር ኋላ።

የት እንደሚሠራ ተናገር ብዬ የወተወትኩትን ሰውዬ፣ የት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። የሌላ ሰው አጥር ታይቶኝ ይሆናል።

«ሽታው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል!» አልኩ ተነሥቼ። ቤተ ክርስቲያኑ በሌላ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ ተናገር ያሉኝ እርስዎ እኮ ነዎት!»

«ተናገር አልኩህ እንጂ እዚያ ቆፍር አልኩህ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ አናጢውን ጨረሰው። ወዲያው አንዱ ባሕር ዛፍ የለኝም አለ፤ ሌላው ሁለት ቀን በዛብኝ አለ። እጅ አውጡ ሲባል ለሊቀ መንበሩ አወጣሁ። አጠገቤ የነበሩትም እኔን አይተው አወጡ፤ ማንበብ የሚችል ሰው አይሳሳትም ብለው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ልጅቷንስ ምን እንበላት?»

እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኳት።

ሊቀ መንበሩ ቃሉን አላጠፈም፤ የሰጠው ቃል አልነበረማ። ከምንጩ በላይ ለስላሳው አፈር ላይ አስቆፈረ። ጎረቤት የሌለበት ቦታ ስለሆነ የተቆጣ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዝናብ ተናደና ሁሉ ነገር ወደ ምንጩ ወረደ። እንደገና ቆፈርን፤ እንደገና ተናደ። ልጄ ያን ክረምት ጤና ጣቢያ ተኝታ ከረመች። ዳነች፤ ግን በእኔ ብልሃት አይደለም።

ተወዳዳሪ ሁሉን ይናገር ማለቴን ዛሬም አልተውኩም። ዝርዝሩን የሚሰማው ሰው ግን ከተናጋሪው የበለጠ ሐቀኛ መሆን አለበት፤ እኔ አልነበርኩም። ለሁለቱ ጉድጓዶች «በፈቃደኝነት» የተሰበሰበው ሲደመር፣ ከየቤቱ ዐሥራ አራት ብርና የዐሥራ አንድ ቀን ጉልበት ሆነ።